የእትዬ ሙሉነሽ የቅዳሜ ሪፖርት

እትዬ ሙሉነሽ ማረፋቸውን የሰማሁት በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ማለዳ ለሥራ ስጣደፍ፣ አንድ እግሬን ቡት ጫማ ውስጥ ከትቼ ሌላኛውን ቡት ከአልጋ ስር ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። «ተወዳጇ እናታችን ወደ ጌታቸው ሄደዋል» ይላል። ከስሩ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። ከፊቶቹ ስር ደግሞ አንድ ወንድም «ሐሰት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ እናት ነበሩ» ብሎ ጽፏል።

እዚህ ጋ ሳቅሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በአንድ ቡት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሳለቅስ ደግሞ አውቶቡስ አመለጠኝ።

ወንድማችን አልተሳሳተም፣ ይሄን ልመስክርለት። እትዬ ሙሉነሽ ውሸት አይናገሩም። እሳቸው የሚያደርጉት ሌላ ነገር ነው፤ ስሙንም ያወጡለት ራሳቸው ናቸው። «ዜና መምረጥ» ይሉታል። እኔ አንድ ሙሉ ዊንተር እግራቸው ስር ቁጭ ብዬ ይህን ሙያ ተምሬያለሁ። ዊንተር የምለው ክረምት ማለት ጠፍቶኝ አይደለም። ለእናቴ በስልክ ክረምት ገባ ስላት «ጃንጥላ አለሽ ወይ?» ትለኛለች፤ እዚህ ቶሮንቶ ደግሞ ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ ዳክዬ በላዩ በእግሩ ይሄዳል።

እትዬ ሙሉነሽና ባለቤታቸው ጋሽ ተሰማ ስካርቦሮ ውስጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን ቤት ሸጠው ጀልባ የገዙ ሰዎች ናቸው። አዎ፣ ጀልባ። ጋሽ ተሰማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ እሳቸው ደግሞ በትምህርት ቤት ኩሽና ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጣ ሀበሻ ወይ አገር ቤት ሄዶ ቤት ይሠራል፣ ወይ የልጅ ልጅ ያሳድጋል። እነሱ ከሐይቁ ዳር፣ ገደል ስር ካለው የጀልባ ማቆሚያ አንድ ረጅም፣ ቀጭን የብረት ጀልባ ገዝተው ገቡበት። ያሠራው አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው አሉ፤ በአገሩ ጠባብ ቦዮች ላይ ሰው የሚኖርበት ዓይነት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ እርምጃ ይሆናል፤ ወርዱ ግን ሁለት እጅሽን ብትዘረጊ ግድግዳና ግድግዳውን ትነኪያለሽ። ወሬው ቸርቻችንን ሦስት ጊዜ ዞረ። ግማሹ «ሙሉነሽ አብዳ ባሏን በስተርጅና ውሃ ላይ አወጣችው» አለ። ግማሹ ደግሞ «በኖኅም ተስቆበት ነበር» አለ። እትዬ ሁለቱንም ሰምተው ለሁለቱም «ተባረኩ» አሉ።

ከሁሉ የተቆጡት ሁለቱ ልጆቻቸው ናቸው። ሩት ብራምፕተን ትኖራለች፤ ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው። ዮናስ ካልጋሪ ነው፤ በስልክ ይቆጣል። አባታቸው መርሳት እንደጀመሩ ያውቃሉ፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አያውቁም። ዮናስ «አባቢ የአረጋውያን ማረፊያ ይግባ፣ እማ ደግሞ ሩት ቤዝመንት ትግባ» አለ። እትዬ «እኔ ሳልሞት?» አሉ። ተለቀሰ፣ ተጸለየ፣ መጨረሻ ላይ ተስማሙ፤ አንድ ዊንተር ጀልባው ላይ ይሞከር። አንዲት ችግር ከተሰማች ግን ክርክር የለም፣ ዮናስ ያለው ይሆናል። አርባ ስድስት ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች በየፊናቸው ይሄዳሉ ማለት ነው።

ለዚህ ታዛቢ ተፈለገ። ታዛቢዋ እኔ ሆንኩ። ያኔ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቄ ነበር፤ የምሠራው አንድ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ተንከባካቢ ሆኜ ነው። ሩት እሁድ ከአምልኮ በኋላ ኮት ማንጠልጠያው ጋ ይዛኝ፣

«ሰኒ፣ ፕሊስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደሽ ቼክ አድርጊልኝ» አለችኝ። «ሥራሽ ነው፣ አይተሽ ታውቂያለሽ። ያየሽውን ብቻ ቴክስት አድርጊልኝ።»

እሺ አልኩ። ደግ መሆኔ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አውቶቡሱ ከላይ አስፋልቱ ላይ ጥሎኝ ሄደ፤ ቁልቁለቱን ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በመቀመጫዬ ወረድኩት። ጀልባዎቹ ሁሉ ከአናታቸው እስከ ወገባቸው ነጭ ፕላስቲክ ተጠቅልለው ፍሪጅ የገባ ዳቦ መስለዋል። ከየጀልባው ስር አንድ ማሽን አረፋ ይተፋል፤ በረዶው ጀልባውን ጨምቆ እንዳይሰብረው ነው። እትዬ ሙሉነሽ በር ላይ ቆመዋል። አጭር ናቸው፣ ደልደል ያሉ፣ ሁለት ሹራብ ደርበው በላዩ ላይ የኩሽና ሽርጥ ያሰሩ።

«ሰላይዋ መጣሽ?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ! ሩት ሰላም በይልኝ ብላኝ ነው እንጂ...»

«ሰላምታ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ አይጓዝም። ግቢ። በሩን ዝጊ፣ የምናሞቀው ሐይቁን አይደለም።»

ውስጡ ይሞቃል። በቀኝ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ አግዳሚ ወንበር አለ፤ በግራ ኩሽናው፣ ምድጃው፣ ቁም ሳጥኑ። ከፊት፣ ሰፊው መስኮት ጋ፣ ጋሽ ተሰማ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል። ዞር አሉና፣

«ትራንስፈር አለሽ?» አሉኝ።

ትራንስፈር ድሮ ከአንዱ አውቶቡስ ወደ ሌላው ስትቀይሪ የምታሳዪው ቁራጭ ወረቀት ነው። እትዬ ከሽርጣቸው ኪስ ቁራጭ ወረቀት አውጥተው መዳፌ ውስጥ አስጨበጡኝ። ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ወደ ውስጥ ጠጋ በይ» አሉኝ። ጋሽ ተሰማ ቀልደኛ ናቸው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሳቄን ለቀቅሁት። እትዬም አብረውኝ ሳቁ።

ቅንጬ በቅቤ አበሉኝ። ስጨርስ ሽርጣቸውን አስተካከሉና «በይ ጻፊ» አሉኝ። ዜና ከመምረጣቸው በፊት ሁልጊዜ ሽርጣቸውን ያስተካክላሉ።

«ምን ብዬ?»

«'ውሃቸውን አየሁት፣ ጀሪካኖቹ ሁሉ ሙሉ ናቸው' በይ።»

«እትዬ፣ ቧንቧው በረዶ ሆኖ እኮ ነው ከላይ ከቢሮው በጀሪካን የምታመላልሱት!»

«ስለ ቧንቧ ማን ጠየቀሽ? ጀሪካኑ ሙሉ ነው አይደለም?»

«ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው። ውሸት ኃጢአት ነው ልጄ። እኛ አንዋሽም። ዜና መርጠን ነው የምናነበው። ሬዲዮስ ቢሆን የሰማውን ሁሉ ያነባል?»

ጻፍኩ። ሩት የልብ ምልክት ላከችልኝ። እኔም ጸጸቴን ከሁለተኛው ሳህን ቅንጬ ጋር ዋጥኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ስደርስ እትዬ በእንጨቱ መተላለፊያ ላይ በረዶ አንሸራቷቸው፣ እግራቸውን ዘርግተው መሬት ተቀምጠው አገኘኋቸው። በድንጋጤ እየጮህኩ ሮጥኩ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «'ደጅ ቁጭ ብለው ሐይቁን ሲያዩ አገኘኋቸው' በይ» አሉኝ፣ ገና ሳይነሱ። በሦስተኛው ሳምንት ከጣሪያው የሚንጠባጠበው እርጥበት አንገቴ ውስጥ ገባ፤ የዚያን ቀን ሪፖርት «ቤቱ ውስጥ አየሩ ደረቅ አይደለም፣ የእማሽ ፊት ወዝ አውጥቷል» የሚል ነበር። ሩት እናቷ ምን ዓይነት ክሬም እንደሚጠቀሙ ጠየቀችኝ።

ደግሞ ሁለት ነጫጭ ዝይ የሚመስሉ ትልልቅ የውሃ ወፎች አሉ፤ ልክ ምሳ ሲቀርብ መስኮቱን በአፋቸው ይመታሉ። እትዬ «መጋቢና ባለቤታቸው» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። «ምሳ ሰዓት አይስቱም» ይላሉ፤ ከዚያ ንስሐ ይገባሉ፤ ከዚያ ደግሞ ዳቦ ይወረውሩላቸዋል። መጋቢያችን እሁድ ሲሰብኩ እኔ ወፎቹ ትዝ እያሉኝ መሐረቤን ስንቴ ነከስኩ!

አራተኛው ቅዳሜ ላይ ሳቄ ቆመ።

ምሳ እየበላን ነበር። ጋሽ ተሰማ ድንገት ከወንበራቸው ተነሱ። «ለምንድን ነው የቆምነው? ሰው ሥራ ረፈደበት እኮ! ማነው ያስቆመኝ?» እያሉ ወደ በሩ መጡ። ፊታቸው ላይ ቀልድ የሚባል የለም። እትዬ ሙሉነሽ ጉርሻቸውን ሳያስቀምጡ፣ ረጋ ብለው፣

«ኤግሊንተን ተቆፍሯል፣ ተሰማ» አሉ።

ጋሽ ተሰማ ቆሙ። አሰቡ። ትከሻቸው ወረደ። «ይሄ መንገድ እኔ ጡረታ ብወጣም አያልቅም» አሉና ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

መንገዱ በእርግጥም ለባቡር ተብሎ ስንት ዓመት ሲቆፈር የኖረ ነው፤ ቶሮንቶ ውስጥ በዚህ የማይቀልድ የለም። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። እትዬን አየኋቸው። አይስቁም። ያኔ ነው የገባኝ። ትራንስፈሩም ቀልድ አልነበረም፤ ጃኬቱም ቀልድ አልነበረም። ይህ እኮ ቀን በቀን የምሠራው ሥራዬ ነው! ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ አላየሁትም። በጣም አፈርኩ።

እትዬ ወደ ኩሽናው ጫፍ ሳቡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቤቱ በር በዛበት» አሉኝ። «ሽንት ቤት ሲፈልግ ቁም ሳጥን ይከፍታል፣ ቁም ሳጥን ሲፈልግ ደጅ ይወጣል። አንድ ቀን ጠፍቶ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ተገኘ፤ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ 'ፈረቃው የኔ ነው፣ ውረድ' እያለ ከሹፌሩ ጋር ይሟገታል። ከዚያ አንድ እሁድ ለሽርሽር እዚህ መጣን። ይሄ ጀልባ ለሽያጭ ተከፍቶ ነበር። ገባ፣ ከኋላ እስከ ፊት ሄደ፣ እዚያ ተቀመጠ። 'ይሄ የኔ ነው' አለ። በዚያ ድምፅ ካናገረኝ ዓመት አልፎት ነበር፣ ሰኒ። ቤቱን ሸጥኩት።»

«ሐኪም ያውቃል?»

«ያውቃል እንጂ። በየወሩ እወስደዋለሁ። ጃኬቱን ዩኒፎርም ነው ብዬ ነው ያስለበስኩት፤ ያለ ዩኒፎርም ሥራ ገብቶ አያውቅም። በሩ ላይ ደወል አለ። በበሩ በኩል የምተኛው እኔ ነኝ። እዚህ ፊትና ኋላ ብቻ ነው ያለው፤ የሚጠፋበት የለም። ሰዉ ሙሉነሽ አበደች ይላል። ይበል። እሱ አበደ ከሚሉ እኔ ልበድ።»

ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። እሳቸው ቀጠሉ።

«አንቺ የምትሠሪበት ቦታ እኔን ከሱ ጋር ያስገቡኛል?»

«እርስዎ ጤነኛ ነዎት፣ እትዬ። እሳቸውን ብቻ ነው የሚወስዱት።»

«እንግዲህ እዚያ 'ለምን ቆምን?' ሲል፣ ማነው ኤግሊንተን ተቆፍሯል የሚለው?»

እኔ እንኳ እዚያ እየሠራሁ፣ ሰው እወዳለሁ ብዬ እየፎከርኩ፣ ስምንት ሰው በአንድ ፈረቃ እያጠብኩ፣ ማን ምን መንገድ ላይ እንደቆመ ጠይቄ አላውቅም። እትዬ የዚያን ቀን ሽርጣቸውን አላስተካከሉም። «የፈለግሽውን ጻፊ» ብለውኝ ሳህን ማጠብ ጀመሩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ አንዲቷን ሳህን ደጋግመው ያጥባሉ።

ስልኬን አወጣሁ። «ጋሽ ተሰማ የኤግሊንተን ግንባታ አለማለቁ በጣም አበሳጭቷቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። ሩት ወዲያው «ሃሃሃ፣ ማንን ያላበሳጨ!» ብላ መለሰች። ለእትዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ በእርጥብ እጃቸው ጉንጬን ቆነጠጡኝ።

«ልጄ፣ ዛሬ ተመርቀሻል።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን የምጠብቃት ሆንኩ። ጋሽ ተሰማ ትራንስፈሬን ይቀበሉኛል፤ እትዬ ይመግቡኛል፤ ሁለታችን አናት ለአናት ገጥመን የሳምንቱን ዜና እንመርጣለን። ከምግብ በፊት የሚጸልዩት ጸሎት ራሱ የሚገርም ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ ሩትን ባርካት፣ ሥራዋን ባርክ፣ ሥራዋን አብዛላት፣ ከብራምፕተን የሚያስወጣ ጊዜ አትስጣት።» እኔ አሜን እላለሁ። ጋሽ ተሰማም አሜን ይላሉ።

ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ብርዱ እየበረታ፣ የካቲት ሲጋመስ፣ እትዬ ጉንፋን ያዛቸው። ቅዳሜ ዕለት አልጋ ላይ ነበሩ፤ ተኝተው ስለነበር ሳላማክራቸው፣ ራሴን እንደ አዋቂ ቆጥሬ፣ ለሩት «እማሽን ትንሽ ጉንፋን ነካ አድርጓቸዋል፣ ሌላው ሰላም ነው» ብዬ ላክሁ። ሩት ደግሞ ቅን ናት፤ የቸርቹ ግሩፕ ላይ «እናቴ ታማለች፣ በጸሎታችሁ አስቧት» ብላ አሰፈረችው።

የሀበሻ ጸሎት ቤቱ ቁጭ ብሎ አይጸልይም። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ድስቱን ይዞ ተነሣ።

በአምስት መኪና ሄድን። ለእትዬ ስደውል፣ ስደውል፣ አያነሱም። አስራ ዘጠኝ ሰው ቆጠርኩ፤ ሩት ከኋላ በመኪናዋ እየመጣች ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ገቡና በቀኝ በኩል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ መቀመጫ የለማ! ስድስተኛዋ ስትገባ አምስቱ በአንድ ላይ ብድግ አሉ። «ኖር! ኖር!» «በእግዜር፣ ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!» ተቀመጡ። ጀልባው ትንሽ ወዝወዝ አለ። ሰባተኛው ሲገባ ስድስቱ ብድግ። «ኖር!» ጀልባው ወዝወዝ። ስምንተኛዋ። «ኖር!» እኔ ከበሩ ሆኜ «አትነሡ፣ በጌታ አትነሡ!» ብል ማን ይሰማኛል? እንግዳ ሲገባ ቁጭ የሚል ሀበሻ የት አለና። እትዬ ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ ዓይናቸው በትኩሳት ቀልቶ፣ የሚሆነውን ያያሉ።

በመጨረሻ መጋቢያችን ከነባለቤታቸው ሲገቡ አስራ ሰባቱም ተነሡና ለማሳለፍ ብለው ጀርባቸውን ከቀኙ ግድግዳ ጋር አጣበቁ። ጀልባው በቀኝ ጎኑ ዘንበል አለ። ግራ በኩል ምድጃው ላይ የነበረው የምስር ወጥ ድስት ወለሉን ተንሸራቶ ተሻግሮ የመዘምራን መሪው ነጭ ሱሪ ላይ አረፈ። «በኢየሱስ ስም!» ተባለ። የፈራ ሰው ደግሞ የሚይዘው ያለውን ነው፤ ሁሉም ያው ቀኙ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጀልባው ይበልጥ ዘነበለ። ሩት በዚህ ሰዓት ከበሩ ደረሰች። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!»

ጋሽ ተሰማ ናቸው። ከፊት ቆመዋል፤ ድምፃቸው ጣሪያውን ነካ። «አንቺ ባለ ነጠላዋ፣ በግራ! አንተ ወፍራሙ፣ መሃል ቁም። እናንተ ሁለታችሁ ወደ ኋላ ጠጋ በሉ፣ ባዶ ነው እዚያ! ባለ ከረባቱ፣» አሉ ወደ መጋቢ እያዩ፣ «በሩን ለቀቅ አድርግ፣ ሁለት ጊዜ አልናገርም።»

መጋቢ ለቀቁ። አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ፣ እንደታዘዝነው ቦታ ቦታችንን ያዝን። ጀልባው ቀስ እያለ ቀና አለ። ሰዉ በእልልታና በጭብጨባ ቀለጠ። «ጋሽ ተሰማ ድሮም እንዲህ ናቸው እኮ!» ይላል። ሩት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች። ክንዴን ጨምቃ ይዛ፣ «አባቢ እንዲህ ደህና ነው? ሰኒ፣ ቴክስትሽን እኮ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አላምነውም ነበር» አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ጸሎቱ ቁጭ ተብሎ ተጸለየ፤ ጋሽ ተሰማ መቆም ከልክለዋል። ሲያልቅም ሁሉን በኋላ በር፣ አንድ በአንድ፣ «በረዶ አለ፣ ሲወርዱ ይጠንቀቁ» እያሉ አወረዱ። እትዬ ከአልጋቸው ሆነው አንድ ዓይናቸውን ጠቀሱኝ። ያለፍን መሰለን። ሩት ግን አባቷን ልትስም ወደ ፊት ሄደች።

«የኔ ልጅ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ነው» አሏት። «አንቺ አትወርጂም?»

«አባቢ፣ እኔ ነኝ። ሩት።»

ጋሽ ተሰማ ፊቷን በትሕትና ተመለከቱ። «ደስ የሚል ስም ነው። እኔም ሩት የምትባል ልጅ አለችኝ፤ ትንሽ ናት። ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ስለደረሰ ነው ያጣደፍኳችሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሩት አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ኮቷን አላወለቀችም። እትዬ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ ተነሥተው መጡና ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«እማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቤቱን ከመሸጤ በፊት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትወስዱብኛላችሁ ብዬ» አሉ እትዬ። ያን ጊዜ የመረጡት ዜና አልነበረም። «ፈራሁ ሩቴ። አይታይብኝም እንጂ በጣም ነው የፈራሁት። እሱን ወስዳችሁ እኔን ብቻዬን እዚያ ምድር ቤት ከምታስቀምጡኝ...» አልጨረሱትም።

ሩት ወደ እኔ ዞረች። መሬት መሬት አየሁ። በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። ዮናስ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

«ጀልባው ሊገለበጥ ነበር አሉ!» አለ ዮናስ ሰላም ሳይል። «ግሩፑ ላይ ሰው ሁሉ እየጻፈ ነው! በቃ፣ አለቀ። የአባቢን ቦታ ነገ ደውዬ ኮንፈርም አደርጋለሁ።»

ሩት እናቷን አየች። እትዬ ሙሉነሽ አንድም ቃል አላቀበሏትም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆመዋል።

«ጀልባው አልተገለበጠም» አለች ሩት ቀስ ብላ። «እማ ጉንፋን ነው፣ ቆማለች፣ ይኸው ፊቴ ናት። ሰው በዛ፣ ጀልባው ዘነበለ፣ አባቢ ሁሉንም ቦታ ቦታ አስያዘና አቀናው። መጋቢን ሳይቀር ተቆጣ።»

«አባቢ? ራሱ?»

«ራሱ። አስራ ዘጠኝ ምስክር አለህ፣ ግሩፑ ላይ ጠይቅ።»

«እስቲ አገናኚኝ» አለ ዮናስ።

እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሩት ወደ ፊት አየች። ጋሽ ተሰማ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው፣ ብርቱካናማ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የመስኮቱን ጉም በእጅጌያቸው እየጠረጉ መንገዱን ይመለከታሉ።

«አሁን አይመችም» አለች ሩት። «ሥራ ላይ ነው።»

ጋሽ ተሰማ ከዚያ በኋላ፣ እስኪያርፉ ድረስ፣ ሁለት ዊንተር ሥራ ላይ ቆዩ። አንድም ሌሊት ብቻቸውን አላደሩም።